ሰርቨሩ መብራት መሄዱን አያውቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ከአንባቢዎች ደብዳቤ መሀል አንድ ወጣት ፕሮግራመር የላከውን አነበብኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ የዳታ ማዛወር ሥራ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደበት፣ ጠዋት ከዜሮ ጀመረ፣ የቀረው ደብዳቤ በሙሉ በመብራት ላይ እሮሮ ነው። እሮሮው ይገባኛል። እኔም አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ግን ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ፣ ሥራህን የገደለው መብራቱ ብቻ አይደለም። ሥራው የነበረው ሌላ ቦታ ባለ፣ መብራት ያልሄደበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ላይ ነው። የሞተውም እዚያው፣ መብራት በበራበት ቤት ነው።

እንዴት መሰለህ። በኤስኤስኤች፣ ሰርቨርን ከሩቅ ሆነን በምናዝበት መንገድ፣ ሰርቨር ላይ ገብተን በዚያ ጥቁር መስኮት፣ በተርሚናሉ ማለቴ ነው፣ አንድ ትእዛዝ ስናስነሳ ትእዛዙ የዚያ መስኮት ልጅ ሆኖ ነው የሚወለደው። እናቱ ሼል ትባላለች፣ የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብላ የምታስፈጽም ፕሮግራም ናት። መስመሩ ሲቋረጥ ሊነክስ፣ ሰርቨሩን የሚያሠራው ሲስተም፣ ለሼሏ «ሲግሃፕ» የሚባል ምልክት ይልካል፣ ቁጥሩ 1 ነው። እሷም ለልጆቿ ታስተላልፋለች። ልጁ ይህ ምልክት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ካልተነገረው እዚያው ይሞታል። ስሙ «ሃንግ አፕ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ስልክ መዝጋት። ያኔ ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው በስልክ መስመርና በሞደም ነበር። ስልኩ ከተዘጋ ሰውየው ሄዷል ማለት ነው፣ ሰውየው ከሄደ ደግሞ ለማን ብሎ ነው የሚሠራው? ዛሬ ያ ሞደም የለም። ልማዱ ግን እንዳለ ነው፣ የኛ ዋይፋይ በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩ ስልኩን ጆሮው ላይ የዘጋንበት ይመስለዋል።

አንተ ያላወቅኸው ነገር ግን፣ እኔም ድሮ አላውቀውም ነበር፣ ይህ እስኪመስለው ድረስ ጊዜ የሚፈጅበት መሆኑን ነው።

የአንድ መሥሪያ ቤት የደንበኞች መዝገብ (ስሙ ይቆየን) ከአሮጌ ዳታቤዝ ወደ አዲስ ሲዛወር የሚያዛውረውን ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱን፣ በፓይተን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ አስነሳሁት። እያንዳንዱን አንድ ሺ መስመር በጨረሰ ቁጥር ቁጥሩን ስክሪን ላይ ይጽፋል። ማታ 2 ሰዓት አልፎ ራት እየበላሁ ቁጥሩን በአንድ ዓይኔ አየዋለሁ፣ 6 ሚሊዮን 200 ሺ ምናምን ይላል፣ ድንገት ቤቱ ድርግም አለ። የራውተሩ አረንጓዴ መብራቶች አብረው ጠፉ። ላፕቶፑ በባትሪ በርቷል፣ ቁጥሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ አንጋፋ የሲስተም ሰው ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሥራዬ ሞተ።»

«ማን ነገረህ?»

«መብራት ሄደ እኮ!»

«ሰርቨሩ ጋ ሄደ?»

«ኧረ እዚያስ አለ።»

«ታዲያ ምን ታወራለህ? ስልኩን ዝጋና የሞባይል ዳታህን ክፈት። ሰርቨሩ ገና አልሰማም።»

እውነቱን ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩ «ደህና ሁን» ብሎ አይሰናበትም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። ሰርቨሩ በወዲያኛው ጫፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሚልክልህ ነገር ካለው ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሊነክስ እንደተገጠመ ካልተነካ ተስፋ እስኪቆርጥ 15 ደቂቃ አካባቢ ይወስድበታል። የሚልከው ነገር ከሌለው ጭራሽ 2 ሰዓት እስኪሞላ አለህ የለህም ብሎም ላይጠይቅ ይችላል። አስተዳዳሪው ከዚህ አሳጥሮት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እና ያቺ 15 ደቂቃ ያንተ ናት።

በስልኬ ሆትስፖት ገባሁ። ስልኩም 23 በመቶ ነው ያለው። በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው በፒኤስ ትእዛዝ ስፈልገው ስክሪፕቴ አለ! መለያ ቁጥሩም ከጎኑ ተጽፏል። ጋሼ መልሶ ደውሎ «መጀመሪያ ስክሪን ክፈት፣ ከዚያ ሪፒተር በለው» አለኝ። ስክሪን ያለው የኮምፒውተሩን ፊት አይደለም፣ መስኮትን ሰርቨሩ ላይ የሚያቆይ ፕሮግራም ነው። ሪፒተርን ግን ስሙንም ሰምቼው አላውቅም፣ ለካ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራምን ከአንድ መስኮት ወደ ሌላ የሚያዛውር ነው። ስትጠራው ሪፒተር ነው፣ ስትጽፈው ግን አር፣ ኢ፣ ፒ፣ ቲ፣ ዋይ፣ አር። ሰርቨሩ ላይ አልነበረም፣ በአፕት ጫንኩት፣ አንድ ደቂቃ ሄደች። ከዚያ ስሙንና የስክሪፕቱን ቁጥር ጽፌ አስገባ ስለው «አይፈቀድም» ብሎ መለሰልኝ።

ይኼኛው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሪፒተር የሚሠራው ፒትሬስ በሚባል በር በኩል ነው፣ ፕሮግራም መርማሪዎች የሌላውን ፕሮግራም ሆድ ዕቃ የሚያዩበት በር ማለት ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊነክስ ዓይነት ደግሞ ከ10.10 እትሙ ጀምሮ፣ ሩት (የሰርቨሩ የበላይ አስተዳዳሪ) ካልሆንክ በቀር፣ ይህን በር የገዛ ልጁን ለሚያይ ፕሮግራም ካልሆነ አይከፍትም። ክልከላው ተገቢ ነው፣ አለዚያ የከፈትከው ተራ ፕሮግራም ሁሉ ብሮውዘርህ ውስጥ ገብቶ የይለፍ ቃልህን ያነብ ነበር። መፍትሔው በሩት ሥልጣን ያማ የሚባለው የደህንነት ክፍል ፒትሬስ ስኮፕ በሚባለው ቅንብሩ ውስጥ ያለውን 1 ለጊዜው 0 ማድረግ ነው፣ ሲያልቅ ወደ 1 መመለስ። መመለሱን እንዳትረሳ፣ እኔ ረስቼው በሳምንቱ ነው ያስታወስኩት።

0 አድርጌ ደገምኩት። ስክሪኑ ባዶ ሆነ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ምንም የለም፣ ከዚያ 6 ሚሊዮን 310 ሺ። ቀጥሎ 311። ለካ እኔ በጨለማ ስዳክር እሱ ሥራውን አላቋረጠም። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ሪፒተርን በ2011 የጻፈው ኔልሰን ኤልሃጅ የሚባል ሰው ነው። የሚያደርገው እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙን ለቅጽበት ያቆመዋል፣ የሚያነብበትንና የሚጽፍበትን መስመር ካሮጌው ተርሚናል ነቅሎ አዲሱ ላይ ይሰካዋል፣ ዋናው ነገር ደግሞ የሚያዝበትን ተርሚናል ራሱ ይቀይርለታል። ስለዚህ ኮንትሮል ሲ ብትል የሚሰማህ ከአዲሱ መስኮት ነው፣ ያሮጌው መስኮት መሞትም አይነካውም። ከውስጥ ያለው ሰው ሳይወጣ የቤቱን በር ወደ ሌላ መንገድ እንደማዞር በለው።

ሁሌ ግን አይሳካም። በፓይፕ የተያያዙ ትእዛዞች ወይም ልጆች የወለደ ፕሮግራም ከሆነ እንቢ ይላል። ለዚህ ሪፒተር ላይ ሰረዝና ትልቁን ቲ (-T) ጨምሮ መሞከር ይቻላል፣ ተርሚናሉን እንዳለ መውሰድ ነው፣ በኤስኤስኤች የገባህበት ከሆነ ግን ሩት መሆን አለብህ።

መብራት ሳይሄድ፣ ሥራው እየሄደ ካቢሮ ለመውጣት ብቻ ከሆነ ይቀልላል። ኮንትሮል ዜድ ትላለህ፣ ቢጂ ትላለህ (ሥራው ከጓሮ ሆኖ እንዲቀጥል ማዘዝ ነው)፣ ዲስኦውን ትላለህ። የመጨረሻው ሼሏን «ይህ ልጅ ያንቺ አይደለም» ማለት ነው፣ የስልክ መዘጋቱን ወሬ አታስተላልፍለትም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቢጂውን ዘልሎ ቤቱ ሄደ። ኮንትሮል ዜድ እኮ ያስተኛል እንጂ ወደ ጓሮ አይልክም። ጠዋት ሲመጣ ሥራው ትናንት 11 ሰዓት ላይ ጥሎት የሄደበት ቁጥር ላይ ተኝቶ አገኘው። ዲስኦውን ያልከውን ሥራ ደግሞ ውጤቱን ዳግም ማየት ከፈለግህ ያው ወደ ሪፒተር መመለስህ አይቀርም። ሥራው ያንን የስልክ መዘጋት ምልክት ቸል እንዲል የሚያደርግ ኖሃፕም አለ፣ እሱ ግን ከመጀመሪያው፣ ሥራውን ስታስነሳ ነው የሚታዘዘው።

ይህ ሁሉ ግን አምቡላንስ ነው። ጤነኛው ሰው መጀመሪያ ስክሪን ወይም ቲመክስ ከፍቶ ነው ሥራ የሚያስነሳው። ስክሪን በ1987 በርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች፣ ኦሊቨር ላውማንና ካርስተን ቦርማን፣ የጻፉት ነው፣ ምናልባት ካንተ ዕድሜ ይበልጣል። ቲመክስ በ2007 የመጣ ታናሹ ነው። ሁለቱም መስኮቱን ሰርቨሩ ላይ ያቆዩልሃል፣ አንተ ብትሄድ ብትመጣ ግድ የላቸውም። አንዲት ቃል ናት እኮ የምትጻፈው! ሥራ ሊቀጠሩ የሚመጡ ልጆችን ስጠይቅ ፓይተኑንም፣ ኤአዩንም፣ ክላውዱንም ይዘረዝሩልኛል፣ መስመር ቢቋረጥ ሥራችሁ ምን ይሆናል ስላቸው ዝም። አይፈረድባቸውም። የተማሩበት ማሠልጠኛ አላሳያቸውም። መብራት በሚሄድበት አገር ሰው ሠልጥኖ ይህን ሳያውቅ ሰርተፍኬት መያዙ ግን ያናድደኛል፣ ዓምዳችሁም ስለ አዳዲስ ስልኮች ከሚጽፈው ላይ አንድ ገጽ ቀንሶ ስለዚህ ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

የዚያን ቀን ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ኮንትሮል ኤ፣ ዲ ብዬ ከስክሪኑ ወጣሁ፣ ላፕቶፑን ከደንኩና ተኛሁ። ጠዋት በስልኬ ገብቼ ስክሪን ሰረዝ አር ስል ስክሪፕቱ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሶ ጠበቀኝ። መብራቱ ገና አልመጣም ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ