መከራ ኪቦርድ አይገዛም

ሰላም አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ጓደኛዬ በቴሌግራም ልኮልኝ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ክፉ ጊዜ ጥበብ ይወልዳል ነው፣ የአማራ ክልልም አሁን ባለበት የግጭት ሁኔታ ነገ ትልልቅ ስራ ይወጣበታል፣ ካላመናችሁ የደርግ ዘመን ሙዚቃን እዩ ምናምን። በክፋት የጻፈው አይመስለኝም፣ እንደውም ሊያጽናናን ፈልጎ ነው። ግን እኔ አልተጽናናሁም፣ ትንሽም ተናደድኩ፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ሳውንድ ሲስተም የማከራይ ሰው ነኝ። ስፒከር፣ ሚክሰር፣ ማይክ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተር። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የባህል ምሽት፣ ስብሰባም ቢሆን እሄዳለሁ። ስለ ጥበብ የማውቀው ከመድረኩ ኋላ ገመዱ ካለበት በኩል ነው፣ እና ከዛ በኩል ሲታይ ነገሩ ጸሐፊው እንዳለው አይደለም።

መጀመሪያ የደርጉን ነገር እንጨርስ። የዛን ጊዜ ሙዚቃ አሪፍ ነበር፣ ማንም አይክደውም። ግን ከመከራ ነው የመጣው? ደርግ ሲመጣ እኮ ሙዚቀኞቹ ተሰርተው ያለቁ ሰዎች ነበሩ። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ሀገር ፍቅር፣ በ1948 የተከፈተው የአሁኑ ብሔራዊ ቴአትር፣ እነዚህ ሁሉ ደሞዝ የሚከፍሉ ቤቶች ናቸው፣ ሳክስፎኑም ትራምፔቱም የተገዛው በመንግስት ብር ነው። በኋላም ቢሆን ደርግ ሳንሱሩን እያጠበቀ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን አቋቁሞ ነበር፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የወሎው ላሊበላ። ፕሮፓጋንዳ አልነበረበትም አልልም፣ በደንብ ነበረበት፣ ግን ልጁ ልምምድ ገብቶ ወጥቶ በወሩ መጨረሻ ፈርሞ ብር ይቀበላል። ሰዓት እላፊውንም ቢሆን ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ፣ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ሰዓቱ ሲደርስ በር ዘግተው ሰዉን እስከ ንጋት ያስጨፍሩት ነበር፣ ዋልያስ ባንድም ሂልተን ቋሚ ስራ ነበረው። ማለትም ሰዓት እላፊም እያለ የሚከፍል እንግዳ ያለው፣ መብራት ያለው፣ በር የሚዘጋ ትልቅ ሆቴል ነበር። ሙዚቃውን ያቆየው እሱ ነው እንጂ ፍርሃቱ አይደለም።

መከራው የሰራውን ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የኛው የአቸፈር ልጅ አቤ ጉበኛ በንጉሱ ጊዜ መጽሐፉ ታግዶ እሱም ተግዞ የኖረ ሰው ነው። በዓሉ ግርማ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እሱ ሰውዬ ሌላ ሃያ አመት ቢኖር ስንት መጽሐፍ ይጽፍ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው መከራ ጥበብ ይወልዳል አይልም።

አሁን ወደኛ ልምጣ። ባሕር ዳር የማታ ከተማ ነበረች። አዝማሪ ቤት ስራ የሚጀምረው ሰው እራቱን በልቶ ከወጣ በኋላ ነው፣ ከምሽቱ ሶስት ሰዓት በፊት ገብታችሁ ማሲንቆ ቢሰማ እየቃኘ ነው። ሞቅ የሚለው አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ ተቀበል የሚባለው፣ ስንኝ የሚወረወረው፣ ብር ግንባር ላይ የሚለጠፈው ያኔ ነው። አዝማሪው ደሞዝ የለውም ወይ ቢኖረውም ለስሙ ነው፣ የሚኖረው በሽልማት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ እና ሰዓት እላፊ ሲመጣ የሞተው ይሄ ሰዓት ነው። አዋጁ በግንቦት 2016 መጨረሻ አካባቢ ጊዜው አለፈ፣ ሰዉ ግን የማታ መውጣቱን ትቶታል፣ ባጃጅም አመሻሽ ላይ መሰብሰብ ለምዳለች፣ እናቶችም ልጆቻቸው ሳይመሽ እንዲገቡ ይደውላሉ። ቤቶቹ አንዳንዶቹ ሬስቶራንት ሆኑ አንዳንዶቹ ተዘጉ። ከገጠር የሚመጡት ማሲንቆ ተጫዋቾች መንገዱ ሲከፈት ይመጣሉ ሲዘጋ ይቀራሉ፣ መንገዱ ደግሞ መች እንደሚዘጋ አይታወቅም። ከሚሰሩት ውስጥ ብልጥ የሆኑት አዲስ አበባ ገቡ፣ ካዛንቺስ። እሷም በ2017 ለልማት ተብላ ፈረሰች። (ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ፣ የሚሳቅ ነገር አይደለም ግን መጣ።)

ሰርግ ቀረ አልልም፣ ሰው ይጋባል። ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ ድሮ እቃዬን እንኳን ለሌላ ለዘመድም አላከራይም ነበር፣ ሁሉም ተይዞ ያልቃል። አሁን ሰርጉ ቀን ሆኗል፣ አስር ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ተሸኝተው እኛ ገመድ እንጠቀልላለን፣ መልስም ቅልቅልም ያው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ቀብድ ከፍለው ይደውሉና ስፒከሩ ይቅር ማይክ ብቻ አምጣ ይሉኛል፣ ምክንያቱም ሁለት ቤት አልፎ የለቅሶ ድንኳን አለ። እኔም ቀብዱን መልሼ አውቃለሁ፣ ምን ትላለህ። ጎረቤት ልጁን ቀብሮ አንተ ጭፈራ አታሰማም።

እና ጸሐፊው ያብባል ያለው ጥበብ የቱ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ሁለት አይነት ነው የበዛው። አንዱ ሙሾ ነው። ሌላው ሽለላና ፉከራ ነው፣ እሱ ገበያ አለው፣ ከሁሉም ወገን። ሽለላ የአባቶቻችን ነው፣ እኔም ደሜ ይሞቃል፣ ግን አንድ ወጣት ድምጻዊ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ጣና ዳር ስለ ኑሮ ውድነት ስለ ሌላ ነገር ቢዘፍን ማንም የማይሰማው ከሆነ ይሄ ማበብ አይደለም፣ ማነስ ነው።

ኢንተርኔቱንም አትርሱ። ሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቶብን ነበር፣ ዘፈን የሚለቀቀው ዩቱብ ላይ በሆነበት ዘመን። ስራው አልቆ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የተቀመጠበት ልጅ አውቃለሁ፣ እናቱ ጋ ሆኖ ማሽላ ሲያርም ከረመ። ዳታው ሲመለስ ቲክቶክ ላይ የጠበቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ አንተ የማን ነህ የሚል። ከዘፈንክ ለማን ዘፈንክ፣ ዝም ካልክ ለምን ዝም አልክ፣ መንግስት መድረክ ላይ ከታየህ ባንዳ፣ ካልታየህ ደግሞ ሌላ ስም አለህ። አዝማሪ መጠርጠሩ አዲስ ነገር አይደለም፣ ግራዚያኒም በ1929 ጠንቋዩንና አዝማሪውን እያስለቀመ አስገድሏል፣ ወሬ ያዛምታሉ ሕዝቡን ያሸፍታሉ ብሎ። አሁን ግን ጥርጣሬው ከጎረቤትም ከአድናቂም መጣ፣ ቆይ ሰው ለማን ይዝፈን?

የዘጌ ሰዓሊዎችንም ጽሁፉ ሳይነካቸው አለፈ። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የእግር መንገድ ግራና ቀኝ የብራና ስዕል የሚሸጡ ልጆች ነበሩ፣ የፍየል ቆዳ ፍቀው፣ ከገዳሙ ግድግዳ ያዩትን ቅዱስ ጊዮርጊስ ይስላሉ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ስዕል ለቱሪስት ተብሎ በጥድፊያ የተሰራ ነበር፣ ግማሹ ግን እጅ ያለው ሰው የሰራው ነው፣ እጁም የተፍታታው በዛው በጥድፊያው ነው። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ እሱ በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ቆመ ብለን ሳንጨርስ ይሄኛው የክልላችን ግጭት መጣ። ጀልባው ወደብ ላይ ታስሮ ይውላል፣ ፈረንጅ የለም፣ ሰዓሊው ቡና ለቀማ ነው።

አሁን አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ፣ 380 ሜትር፣ ያምራል፣ ማታ መብራቱ ሲበራ ፎቶ ይነሱበታል። የሐይቁ ዳርም ተሰርቷል። ይሄን የምለው ለመውቀስ አይደለም፣ ከተማ ሲያምር ማን ይጠላል። ግን ሙዚቀኛው ከዚህ ሁሉ ምን ደረሰው ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ለመዝናናት የሚወጣው ቀን ከሆነ ፕሮግራሙም ቀን ይሁን፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ አዳራሽ ያለው ከተማ ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ በሃምሳ ብር ቲኬት ቴአትር ወይ ማሲንቆ ማሳየት አያቅተውም። ንግግር ሳይቀድመው፣ ባነር ሳይሰቀልበት፣ እና ተጫዋቹ አበል ሳይሆን ክፍያ ይሰጠው። በአመት አንዴ ከአዲስ አበባ ታዋቂ ሰው አስመጥቶ ስታዲየም ሞልቶ ባሕር ዳር ሰላም ናት ከማለት ይሄኛው ይረክሳል፣ ድምጹን እኔ ግማሽ ዋጋ እሰራለሁ፣ ጓደኞቼም እምቢ አይሉም።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። የኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ አንድ ዘፋኝ የሚጽፈው ሲታሰር፣ ሲሰደድ ወይ ፌስቡክ ላይ የሆነ ነገር ሲል ብቻ ነው። ዘፈኑ እንዴት ነው፣ ግጥሙ ይረባል አይረባም፣ በባቲ ቅኝት ጀምሮ የት ገባ፣ ይሄን የሚጽፍ ጠፋ። መጥፎ ከሆነም መጥፎ ነው በሉት፣ ልጁ ይናደዳል ግን ቢያንስ ስለ ስራው ተናደደ።

የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራም እዚህ ከልጆች ጋር እያሰብንበት ነው፣ ቦታው ከተገኘ ቀኑን በቴሌግራም እልክላችኋለሁ። ማስታወቂያውን በነጻ ታወጡልን እንደሆነ ካሁኑ ንገሩኝ፣ ካልሆነም ዋጋውን ላኩልኝ።

አክባሪያችሁ
ሳውንድ አከራዩ፣ ከባሕር ዳር