የመሣሪያዎቻችሁን ስም ስለቀየርንበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

እሑድ ሌሊት በጋራ መዝገባችን ላይ ያሉትን የራውተሮቻችሁን፣ የስዊቾቻችሁን (ኢንተርኔቱንና ኔትወርኩን ለኮምፒውተሮቻችሁ የሚያከፋፍሉት ሳጥኖች ናቸው) እና የፕሪንተሮቻችሁን ስም ቀየርን። ሰኞ ጠዋት ፕሪንተር እምቢ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው በድሮው ስም ነበርና። ቀድመን መንገር ነበረብን። ይቅርታ።

ግን እኔንም ስሙኝ። መዝገቡ የሁላችሁም ነው፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለው መሣሪያ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ስም ማውጣት ላይ ደግሞ ሁላችሁም ጎንደሬ ናችሁ! «ፋሲል» የሚባል ራውተር ዘጠኝ ነበረን። ዘጠኝ! በላቲን ሲጻፍ አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት፤ ከተማችንን እንኳ አንዱ በኤ አንዱ በኢ ይጽፋታል። በአማርኛ ይሁን ያላችሁኝም አላችሁ፣ ደስ ባለኝ፣ ግን «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበውን «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ አያገኘውም። ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ሌላ። ኔትወርክ ላይ የመሣሪያ ስም ደግሞ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ጭረት ብቻ ነው፣ ከ63 ፊደል አይበልጥም።

ክረምት ላይ አንዱ ልጃችን የካፌውን ፋሲል አጥፍቼ ላብራ ብሎ የፋርማሲውን ፋሲል አጠፋው። መድኃኒት ፈላጊው ተሰልፎ ቆመ። የዚያን ቀን ወሰንኩ።

አሁን ስሙ የሰፈሩ ሦስት ፊደል፣ የደንበኛ ቁጥር፣ የመሣሪያው ዓይነትና ተራ ቁጥር ነው። ሞዴሉን አልጨመርንም፣ ዕቃ ሲቀየር ስሙ ውሸት ይሆናላ። «ቁጥር አደረጋችሁን» ላሉኝ እናቴ፦ የዋይፋይዎ ስም አልተነካም። እንግዳ ስልኩ ላይ የሚያየው ያው ፋሲል ነው።

ሥራውን የጀመርኩት ፒያሳ በአንዲት ጠረጴዛ ነው። ያኔ የሁላችሁንም መሣሪያ በቃሌ አውቀው ነበር፤ አሁን ከሁለት መቶ በላይ ሆናችሁብኝ፣ ተመስገን። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ አንድ ራውተር የምገዛበት ብር ያስደነግጣል፣ የጥገና ክፍያችሁ ላይ ግን ሳንቲም አልጨመርኩም። ልጅ በተሳሳተ ስም አዘዞ ደርሶ ሲመለስ የባጃጁን የምከፍለውም እኔው ነኝ። ይህን ያወቀልኝ ያለ አይመስለኝም።

ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ የድሮውም ስም ጎን ለጎን እየሠራ ነው፣ እስከ ጥምቀት ማግስት ይቆያል። እስከዚያ ልጆቹ እየዞሩ ፕሪንተራችሁን በነፃ ያስተካክላሉ። ሌላ ቤት ልትሄዱ ያሰባችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ብቅ በሉ፣ ቡና አፍልተን መዝገቡን ራሳችሁ እዩት።