ምንጣፉን መጀመሪያ ገልብጡት

ይድረስ ለደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን፣ ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል? ነሐሴ ገብቷል። ስልካችን ከጠዋት ጀምሮ አያርፍም። ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ማሳመር የማይፈልግ የለምና ምንጣፍ ከየሳሎኑ እየተጠቀለለ ወደ እኛ መምጣት ጀምሯል። ደስ ይለናል፣ እንጀራችን ነው። ግን ዘንድሮ ጠቅልላችሁ ታክሲ ላይ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ነገር ልንነግራችሁ ፈለግን። አንዳንዱ ምንጣፍ መታጠብ የለበትም። ዕድሜው አልቋል። እሱን አጥበን ሂሳብ ብንቀበል ገንዘባችሁን በከንቱ ወሰድን ማለት ነው።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈን አምና የደረሰ ነገር ነው። አንዲት እናት ትልቅ ቀይ ምንጣፍ ይዘው መጡ። ፊቱ ደህና ነው። አበባው አልደበዘዘም፣ ጸጉሩም አልሳሳም። «ልጆቼ፣ የዚህ ምንጣፍ አቧራ አያልቅም። ጠዋት ጠርጌ ማታ ሳነሳው ከሥሩ እንደ ሽሮ ያለ ዱቄት አገኛለሁ» አሉን። እኛም አቧራ ነው ብለን ተቀበልን። ውሃ ሲነካው ጀርባው እንደ ራሰ ካርቶን እየተላጠ ወጣ፣ ስናነሳው ደግሞ መሃሉ ላይ ለሁለት ተቀደደ። እማማ ሲጠርጉት የከረሙት ዱቄት አቧራ ሳይሆን የምንጣፉ ሙጫ ነበር። ገልብጠን ብናየው ኖሮ በአንድ ደቂቃ እናውቅ ነበር። አላየንም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሂሳባቸውን መለስንላቸው። ሆኖም በዓሉን በባዶ ወለል ነው የዋሉት፣ ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ስለዚህ ምንጣፍ ማለቅ አለማለቁ የሚታወቀው በጀርባው ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቱን ነው፣ ቀለሙን፣ እድፉን። ዛሬ በየቤቱ ያለው ምንጣፍ አብዛኛው ከቱርክ ወይም ከቻይና የሚመጣ፣ በማሽን የተሠራ የፕላስቲክ ክር ነው። ክሩ በቀላሉ አያረጅም። ብዙዎቹ ላይ ግን ያንን ክር ከጀርባው ጋር አጣብቆ የያዘው ሙጫ ነው፣ ሙጫው ደግሞ እንደ ጎማ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት እየተፈራረቁበት ዓመታት ሲያልፉ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም ዱቄት ይሆናል። ያን ጊዜ ፊቱ ቢያምርም ጸጉሩን የሚይዘው ነገር የለም።

አሁኑኑ ቤታችሁ ውስጥ ልታዩት ትችላላችሁ። ሶፋውን ገፋ አድርጉና የምንጣፉን አንድ ጥግ ገልብጡ። ጀርባውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ውጭ እጠፉት። ዝም ብሎ ከታጠፈ ደህና ነው። ቀጭ ቀጭ እያለ ከተሰነጠቀ፣ ወይ ደግሞ እጃችሁ ላይ ዱቄት ከተወ፣ ምንም አጠባ አያድነውም። ሌላው ምልክት ጸጉሩ ነው። ጠበቅ አድርጋችሁ ስትስቡት በጭብጥ የሚወጣ ከሆነ አልቋል። አንድ ሁለት ክር ብቻ ከሆነ ብቅ ያለው ግን ችግር የለውም። በመቀስ ቁረጡት፣ እንዳትስቡት።

ከዚያ ሽታው አለ። ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በተለይ ምድር ቤት የምትኖሩ፣ ክረምት ላይ ወለሉ ከታች እርጥበት ይስባል። ብዙ ሰው ብርድ ለመከላከል መጀመሪያ ፕላስቲክ ያነጥፍና ምንጣፉን ከላይ ያደርጋል። ልክ መስሎን ስንቶቻችን አድርገነዋል! ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና እዚያው መሃል ይታፈናል፣ ጀርባው ላይም ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ይወጣል። ምንጣፉን ፀሐይ በወጣበት ቀን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ አፍንጫችሁን ወደ ጀርባው አስጠግታችሁ አሽትቱት። ደርቆም ከሸተተ ሻጋታው ውስጥ ገብቷል። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ወይም ጨቅላ ልጅ ካለ እባካችሁ አታቆዩት። የልጅ ሽንትም እንዲሁ ነው። የሰሞኑ ከሆነ እናስለቅቀዋለን፣ ዓመታት የተጠራቀመበትና ጀርባው ድረስ የዘለቀ ከሆነ ግን በሳሙና ሽታው ለሳምንት ይጠፋ እንደሆነ እንጂ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ጠርዙ የተተረተረ ምንጣፍ አይጣል። እንቀመቅመዋለን፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መሃሉ የተኮማተረና እንደ ሞገድ የተነሳ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጀርባው ስለለቀቀ ተመልሶ አይተኛም። ቤታችሁ አያት ካሉ ማታ ለሽንት ሲነሱ እግራቸው የሚጠለፈው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ።

ስለ ቡና ደግሞ ብዙ ትጠይቁናላችሁ። ፍም የወደቀበት ምንጣፍ አልቋል ወይ? እንደ ጥልቀቱ ነው። ብዙው የፕላስቲክ ክር 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ፍም ከዚያ በጣም ስለሚበልጥ አንስታችሁ እስክትጥሉት ጠባሳውን ትቶ ይሄዳል። የቀለጠው ጫፉ ብቻ ከሆነ በሹል መቀስ ከርክመን እናስተካክለዋለን። እስከ ጀርባ ከበሳ ከሶፋው ሥር ከማይታየው ቦታ ቆርጠን እንለጥፋለን። በዚህ ምክንያት ብቻ ምንጣፍ አትቀይሩ። ከረከቦቱና ከከሰሉ ምድጃ ሥር ግን ሰፋ ያለ ትሪ አድርጉ፣ ቄጠማ ብቻውን አያድንም።

አሁን የተናገርነው ሁሉ ለፕላስቲኩ ነው። የበግ ጸጉር ሌላ ዓለም ነው፣ እሱን ለመጣል አትቸኩሉ። በዚህ ዓመት አንድ ጋሼ የመንዝ በግ ጸጉር ምንጣፍ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቀው አመጡ። «እዩትና የማይረባ ከሆነ እዚሁ ጣሉልኝ፣ ቤት ልመልሰው አልፈልግም» አሉ። ከሠርጋቸው ጀምሮ የነበረ ነው። አመድ መስሏል። ገለበጥነው፣ ጀርባው ላይ ድሩና ማጉ አንድም ቦታ አልላላም፣ ሙጫም የለው። ለብ ባለ ውሃ ለስላሳ ሳሙና ጨምረን ሳንፈትግ አጠብነው። 3 ጊዜ ውሃው ቡና መስሎ ወጣ፣ በ4ኛው ጠራ። ቡናማውና ጥቁሩ የበጉ የራሱ ቀለም ስለሆነ አልለቀቀም። ጋሼ ሊወስዱት ሲመጡ መጀመሪያ የሌላ ሰው መስሏቸው አልፈውት ሄዱ። ከዚያ ተመልሰው ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን አሳርፈውበት ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

የእናንተ የበግ ጸጉር ይሁን ፕላስቲክ ካላወቃችሁ አንድ ክር ብቻ ቁረጡና ከምንጣፉ ርቃችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጸጉር ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ወዲያው አትንኩት፣ ያቃጥላል። የበግ ጸጉር ጠላቱ ብል ነው። ብል ጨለማና ሰው የማይረግጠውን ቦታ ይወዳል፣ አልጋና ቁምሳጥን ሥር። በወር አንድ ጊዜ ገልብጡ፣ ፀሐይ ላይ አውጡ፣ በዱላ ምቱት። በረኪና ግን በፍጹም! በረኪና የበግ ጸጉርን ይበላዋል፣ እኛ ዘንድ ከመጡት መዳን ያቃታቸው የጸጉር ምንጣፎች አብዛኞቹ በረኪና የነካቸው ናቸው።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ አሠራራችን እንዲህ ነው። ምንጣፋችሁን የምንቀበለው እናንተው ፊት ገልብጠን፣ አጥፈን፣ አሽትተን ካየን በኋላ ነው። የማይታጠብ ከሆነ እዚያው እንነግራችኋለን፣ ለዚህ ምንም አናስከፍላችሁም። ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ የሚያልፍ ከሆነም አዲስ ግዙ እንላችኋለን። ከተጣለው ምንጣፍ ውስጥ ጀርባው ደህና የሆነ ክፍል ካለ ለበር ወይም ለወጥ ቤት በልኩ ቆርጠን ጠርዙን እንቀመቅምላችኋለን። በር ላይ ጥሩ ነው፣ ለልጆች ክፍል ግን አታድርጉት።

አዲስ ለመግዛት መርካቶ ስትወርዱም ያንኑ አድርጉ፣ ፊቱን አትዩ፣ ገልብጡት። ጸጉሩን በጣት ከፍላችሁ ሥሩን ተመልከቱ፣ ጀርባው ቶሎ የሚታያችሁ ከሆነ ሳስቷል፣ ቶሎ ይተኛል። ነጭ ጨርቅ በትንሹ አርሳችሁ ቀዩ ላይ እሹት። ጨርቁ ከቀላ ቤታችሁም ይለቃል። ነጋዴው ቢቆጣ አትፈሩ፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ቀረን። ነሐሴ ላይ ፀሐይ የለም። እርጥብ ምንጣፍ ሳናደርቅ መስጠት ደግሞ ሻጋታ መስጠት ነው፣ አናደርገውም። ትልቅ ምንጣፍ በዚህ አየር እስከ 5 ቀን ይፈጅብናል። ለእንቁጣጣሽ የምትፈልጉት ከሆነ ከነሐሴ 25 በፊት አድርሱን። ያለፈባችሁ ለመስቀል እናደርስላችኋለን። ይዞ መምጣት የሚከብዳችሁ ደውሉልን፣ መጥተን እዚያው ቤታችሁ ገልብጠን እናይላችኋለን።

አክባሪዎቻችሁ፣
የምንጣፍ አጠባና ጥገና ቤቱ ሠራተኞች
አዲስ አበባ