ያንን ቮይስሽን ዛሬ ገና ጨርሼ ሰማሁት

እንዴት ነሽ የኔ እህት፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሁለት ዓመት ከምናምን ሆነን አይደል ሳናወራ? ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰበብ አልደረድርልሽም፣ ይቅርታ በጣም። አሁን ይቺን ብዬ ልለፈውና ስንገናኝ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ፣ መቆጣት እንደሆነ ድሮም ታውቂበታለሽ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ነው። ወለድኩ እኮ! ሰምተሽ ይሆናል ከሰው። ሴት ናት፣ 5 ወር ሊሞላት 6 ቀን ቀራት፣ ስም አውጥተንላታል ግን እኔ እስካሁን ሚጣ ነው የምላት። ቅድም እያጠባኋት ቴሌግራም ላይ የኛን ቻት ወደ ላይ ወደ ላይ ስገፋ ያንን ቮይስ አገኘሁት። ልጅሽ 4 ወሩ እያለ የላክሽልኝን፣ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ የሚለውን። ያኔ ምናልባት 40 ሰከንዱን ሰምቼ «አይዞሽ ያልፋል» ብዬ ጽፌልሽ ተኛሁ። አዎ፣ ተኛሁ። ዛሬ በኤርፎን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ማውራት አቅቶሽ ታለቅሻለሽ፣ እሱ ከኋላ ይነጫነጫል፣ ከዛ ድምፅሽን ጠራርገሽ «ባትመልሺልኝም ችግር የለውም፣ ከትልቅ ሰው ጋር ማውራት አምሮኝ ነው» ትያለሽ። እኔ ደሞ በእውነትም አልመለስኩልሽም። ምን ልበልሽ፣ ሆዴ ተላወሰ። ስለዚህ ነው ምጽፍልሽ፣ ሌላም አለ ግን እሱን ቀስ ብዬ ነው ምነግርሽ።

እንቅልፍ አሳበደኝ። የእሷ እንቅልፍ ማለቴ ነው፣ የኔማ ቀርቷል። መጀመሪያ እኮ ጥሩ ነበርን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀንና ሌሊት እንደማይለዩ አውቅ ነበር፣ በየ2 በየ3 ሰዓቱ መነሳቱን ተዘጋጅቼበት ነበር፣ ሆዳቸው ትንሽ ነው ወተቱ ቶሎ ያልቅባቸዋል ምናምን። ከዛ 3 ወር ላይ በቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ዝም ብላ ትተኛ ጀመር። 5 ሰዓት ሙሉ! ለሰው ሁሉ አወራሁ። 4 ወር ሲሞላት ሁሉም ነገር ተገለበጠ፣ በየሰዓቱ፣ አንዳንዴ በየ40 ደቂቃው፣ አንድ ሌሊት 9 ጊዜ ቆጥሬ ከዛ በኋላ መቁጠር አቆምኩ። ታመመች ብዬ ይዣት ሮጥኩ። ሐኪሟ ግን መዘነቻት፣ ጆሮዋን ጉሮሮዋን አየችና «ልጅሽ ደህና ናት፣ እንቅልፏ እያደገ ነው» አለችኝ። እንዴት ነው እንቅልፍ ሚያድገው አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው (አንቺ ታውቂው ይሆናል ግን እኔን ስላረጋጋኝ ልንገርሽ)። አራስ እያሉ ግማሹን ያህል እንቅልፋቸውን እየተወራጩ፣ እያጉረመረሙ፣ ፊታቸውን እየቀያየሩ ነው ሚተኙት። በ3 እና በ4 ወር አካባቢ ግን እንቅልፋቸው እንደኛ ደረጃ ደረጃ ይኖረዋል፣ ከባድ አለ ቀላል አለ፣ አንዱ ዙር አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም፣ እና በየዙሩ መጨረሻ ላይ ብቅ ይላሉ። እኛም እኮ እንነቃለን፣ ተገላብጠን ስለምንቀጥል ጠዋት ትዝ አይለንም። እሷ ግን ጡቴ አፏ ውስጥ ሆኖ ነው እንቅልፍ የወሰዳት፣ ብቅ ስትል ጡት የለም፣ ክንድ የለም፣ ጣራ ብቻ። ትጮሃለች። ምን ታድርግ።

እና ማስቀመጡ! ከእጄ ወደ አልጋዋ ማውረዱ ማለት። አንቺ ብቻ ነሽ ምትረጂኝ። 20 ደቂቃ አቅፌያት ስቆም መጀመሪያ ጣቶቿ ናቸው ሚፈቱት፣ ሸሚዜን የጨበጠችው እጅ አንድ በአንድ ይለቃል፣ ከዛ ክንዷ ከብዶ ይንጠለጠላል። ያኔ ጎንበስ እላለሁ፣ ቂጧን አስቀድሜ፣ ከዛ ጀርባዋን፣ ጭንቅላቷ መጨረሻ፣ ትንፋሼን ይዤ። እጄን ከአንገቷ ስር ሳወጣ ሁለቱም እጆቿ ብርግግ ብለው ይከፈታሉ፣ ከገደል እንደወደቀ ሰው፣ ዓይኗ ይገለጣል፣ ታየኛለች። እንደገና ከሀ።

አሁን ያልኩሽን ልንገርሽ። ለባሌም አልነገርኩትም። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እያጠባኋት እንቅልፍ ጣለኝ። መቼ እንደተኛሁ አላውቅም። ስነቃ እቅፌ ውስጥ የለችም። የለችም ስልሽ... ከጎኔና ከሶፋው መደገፊያ መሃል ገብታ ፊቷ ወደ ጨርቁ ዞሯል። ስቤ ሳወጣት አለቀሰች፣ ለቅሶዋን እንደዛ ወድጄው አላውቅም። ምንም አልሆነችም፣ ደህና ናት፣ ግን እኔ እስከ ጠዋት እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሶፋና የክንድ ወንበር ላይ ከሕፃን ጋር መተኛት ከሁሉ በላይ አደገኛ መሆኑን አውቅ ነበር እኮ! በጀርባዋ፣ ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ የለ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ የለ፣ እኛ ክፍል ውስጥ በራሷ አልጋ፣ ሁሉንም አድርጌያለሁ፣ ከዛ ድካም አንድ ሌሊት አሸነፈኝ። አሁን ዓይኔ ሲከብድ ባሌን እቀሰቅሰዋለሁ፣ እስከዛሬ «ነገ ሥራ አለው» እያልኩ አልቀሰቅሰውም ነበር። ለምን እንደምቀሰቅሰው ግን አልነገርኩትም። እነግረዋለሁ፣ መጀመሪያ ላንቺ ልበለው ብዬ ነው።

ሰው ደሞ ምክሩ አያልቅበትም። «ምግብ ጀምሪላት፣ ሆዷ ሲጠግብ ትተኛለች»፣ «ብታለቅስም አትሂጂባት»፣ «እስካሁን ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም እንዴ?» ይቺ የመጨረሻዋ ናት ምትገለኝ። ምግቡን እስከ 6 ወር አልጀምርም፣ ሐኪሟም ጡት ብቻ ብላለች። ግን «ሌሊቱን ሙሉ» ማለት ራሱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አጥኚዎቹ እንኳን አንዱ 5 ሰዓት ሳይነቃ ከተኛ ይበቃል ይላል፣ ሌላው 6፣ ሌላው 8። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ አንድ የካናዳ ጥናት አነበብኩ፣ 388 የ6 ወር ሕፃናት አይተው 38 በመቶው በተከታታይ 6 ሰዓት አይተኙም፣ በዓመታቸውም 28 በመቶዎቹ ገና ናቸው። እና ተኙም አልተኙም በእድገታቸው ላይ ልዩነት አላገኙም። ስልኬ ላይ ይህን ሳነብ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፣ ከደስታ ነው መሰለኝ። ልጄም ደህና ናት፣ እኔም ያበላሸሁት ነገር የለም። ያንቺም ልጅ ደህና ነበር ያኔ፣ አንድ ሰው ይህን ሊነግርሽ ይገባ ነበር፣ ያ ሰው ደሞ እኔ ነበርኩ።

ሐኪሟ ያለችኝን አንድ ነገር ግን ያዥልኝ፣ ምናልባት ሁለተኛ ከወለድሽ (አቤት፣ ወልደሽ ይሆን እንዴ? አላውቅም እኮ!)። ትዕግስትሽ ሲያልቅ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ፣ በጀርባዋ አልጋዋ ላይ አስተኝተሽ በሩን ዘግተሽ ለተወሰነ ደቂቃ ውጪ አለችኝ፣ ከዛ ተመለሽ። አንድ ቀን አደረግሁት። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ፣ ለቅሶዋ በበሩ ይሰማኛል፣ ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ነው ያነሳኋት።

ትናንት ደሞ ምሽት ላይ ሳትተኛ፣ ዓይኗ ግማሽ ሲከደን አስቀመጥኳትና እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ተነጫነጨች፣ ጣቴን ያዘች፣ ተኛች። ብቻዋን! አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሆነው፣ ዛሬ እምቢ ብላለች፣ ግን ሆኗል።

ቮይስ ልልክልሽ ነበር፣ ድምፅ እንዳልቀሰቅስባት ፈርቼ ነው ምጽፈው። አንቺ ግን ቮይስ ላኪልኝ፣ ባክሽ፣ እንደፈለግሽ አርዝሚው፣ ከኋላ የልጅሽም ድምፅ ይግባበት፣ አሁን አፉን ፈቶ እያወራ ነው አይደል? ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ሁሌም ነቅቻለሁ፣ መደወልም ትችያለሽ። እና አንድ ነገር ያኔ ሳልጠይቅሽ የቀረ፣ አሁን ግን የምሬን ማወቅ ምፈልገው፣ እሱ በስንት ወሩ ነው የተኛልሽ?

እወድሻለሁ።