የአውቶ ሜካኒክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የጎደለው ውሃ የት ገባ?

ክበባችን ዘንድሮ ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው የከረመው፦ የሞተሩ ውሃ ይጎድላል፤ የት እየገባ ነው? ሞተር ከልክ በላይ በሞቀ ቁጥር «የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል» ብሎ መፍረድ የተለመደ ነው፤ ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል ነው፣ ጋስኬቱም በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማኅተም። ቴስታታ ማውረድ ግን ከባድ ሥራ ነው፤ ችግሩ የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ወይም ያረጀ የራዲያተር ክዳን ሆኖ ሲገኝ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ አባላቱ ፍተሻውን ከውጭ ጀምረው ወደ ውስጥ እንዲሄዱ ተደረገ።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በውጭ ፍሳሽ አለፈ። ለልምምዱ ሞተር በቀዘቀዘበት ሰዓት የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ በራዲያተሩ አፍ ይገጠማል፤ በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት፣ ብዙ ጊዜ 1 ባር ገደማ፣ ከተሞላ በኋላ 15 ደቂቃ መርፌው ይጠበቃል። ከተጻፈው በላይ መሙላት ደህና የነበረውን ራዲያተር ይቀድዳል። መርፌው ከወረደ ፍለጋው የሚጀምረው ከቱቦ መጋጠሚያዎች ነው፤ ቀጥሎ የራዲያተሩ ጎንና ጎን፣ ከዚያም ከውሃ ፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ። ከዚያች ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ውሃ የፓምፑ ማኅተም መበላቱን ይናገራል። ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የደረቀበት ቦታ ነጭ ወይም ባለቀለም ቅርፊት ስለሚተው፣ ፍሳሹ ባይታይም ዱካው ይታያል። ውጭው ደረቅ ሆኖ የመኪናው ወለል ምንጣፍ ከረጠበና የፊት መስታወቱ ቅባት መሰል ጉም ከያዘ ጥፋቱ የሂተሩ (የመኪናው የውስጥ ማሞቂያ) ራዲያተር ነው።

ክዳኑን ራሱን መሞከር ብዙዎች ይዘነጉታል። ከከባቢ አየር ግፊት በላይ በ1 ባር ውሃ የሚፈላው 120 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የክዳኑ ስፕሪንግ ከደከመ ግፊቱ አይያዝም፤ ውሃው ቀድሞ ይፈላና ወደ ትርፍ ማጠራቀሚያው ይገፋል። ይህን ያየ ሁሉ ጋስኬቱን ይወቅሳል።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የውስጥ ፍሳሽ ነበር፤ ከባዱም ይኸው ነው። ከዘይት ክዳን ሥር ያለ ቡናማ ነጭ አረፋ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ውስጥ ከእርጥበት ይፈጠራል። በተቃራኒው ጋስኬቱ በሲሊንደርና በውሃ መተላለፊያ መካከል ብቻ ሲበላ ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ጠንካራው ምልክት ሌላ ነው፦ ሌሊቱን ያደረ ሞተር ተነሥቶ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከደነደነ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው።

ማረጋገጫው ሰማያዊው የኬሚካል ፈሳሽ ነው። በሞቀና በሚሠራ ሞተር ላይ ከራዲያተሩ አፍ የሚሳበው አየር በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለበት ወደ ቢጫ ይለወጣል። ኩላንቱ ራሱ ወደ መሞከሪያው ከተሳበ ፈሳሹ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍቶ ደረጃውን አስቀድሞ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀለሙ ሳይለወጥ ቢቀር ጋስኬቱ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ጥፋት የሚከፈተው ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ብቻ ነው።

አባላቱን ከሁሉ የማረካቸው የአየር ፍተሻ ነው። ፒስተኑ በመጭመቂያው ምት ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እንዳይዞር ይያዛል፣ አየር በካንዴላው ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ ጆሮ ይሠራል። በራዲያተሩ አረፋ ከወጣ ጋስኬት ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው፤ በጭስ ማውጫው ከተነፈሰ የጭስ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ የፒስተን ቀለበት። ሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች አብረው ደካማ ከሆኑ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ይጠረጠራል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር አጥብቀን ይዘናል፦ የሞቀ ሞተር ክዳን አይከፈትም። በኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የተቀዳው ኩላንት ሁሉ እንስሳት በማይደርሱበት የተከደነ ዕቃ ይቀመጣል።

ዓመቱ የተዘጋው ቴስታታ በማውረድ ነው። ቦሎኖቹ ከዳር ወደ መሃል ይፈታሉ፣ ከመሃል ወደ ዳር ይጠበቃሉ፤ በዲግሪ (በመዞሪያ ማዕዘን) የሚጠበቁት ብዙ ጊዜ ተለጥጠው ስለሚቀሩ ዳግም አይገቡም። የቴስታታው ፊት በቀጥ ያለ ማስመሪያና በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ተለክቶ ከአምራቹ ገደብ ጋር ተነጻጽሯል። ማስመሪያ መጣመምን እንጂ ስንጥቅን አያሳይም፤ የስንጥቅ ፍተሻ የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ሥራችን ነው።