ለአባቴ፦ ስለ መረጥኩት ጥናት

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሳልዎ ቀለል እንዳለልዎ ወንድሜ ነግሮኛል፤ በስልክ የሰማሁት ድምፅዎ ግን እንደዚያ አላለኝም።

የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ መርጫለሁ። ላቦራቶሪያችን የእንስሳትን ሥነ ተዋልዶና ዝግመተ ለውጥ ስለሚያጠና፣ ዘንድሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ከቀረቡት ርዕሶች አንዱ የደብረ ሊባኖስን ጭላዳዎች ይመለከታል። በስሜን ተራሮች ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት፣ አዲስ ወንድ መንጋውን ሲቆጣጠር ከእርጉዞቹ አብዛኞቹ እንደሚያስወርዳቸው አሳይቷል። ሌላው ርዕስ፣ ዶሮ የአውራውን ዘር ከሁለት ሳምንት በላይ በሆዷ አቆይታ እንዴት ፍሬያማ እንቁላል እንደምትጥል ነው። እኔ የመረጥኩት ግን የሽምብራ ነቀዝን ነው።

በአቃቂው መጋዘናችን ጉዳቱን እንጂ ኑሮውን አላየንለትም። ሴቷ እንቁላሏን በሽምብራው ልጣጭ ላይ ትለጥፋለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ፍሬውን ቦርቡሮ ይገባና ውስጡን እየበላ አድጎ፣ በወር ገደማ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ያደገው ነቀዝ እህልም ውሃም ሳይቀምስ ዘሩን መተካት ስለሚችል፣ ጭላዳ ዓመታት የሚጠይቀውን እኔ በጥቂት ብልቃጥ ሽምብራ ከትውልድ ትውልድ ልከታተለው እችላለሁ። የወንዱ ብልት እሾሃማ በመሆኑ በተራክቦ ጊዜ ሴቷን ከውስጥ እንደሚያቆስላት በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ታትሞ ወጥቷል። ሴቷን የሚጎዳ ነገር እንዴት ሳይጠፋ ኖረ? እሾሁ የረዘመ ወንድ ከተፎካካሪዎቹ ይልቅ ብዙ እንቁላል እንደሚያፀንስ ታይቷል፤ ጉዳቱ በበረታባቸው የነቀዝ ዝርያዎች ደግሞ የሴቷ የውስጥ ግድግዳ ወፍሮ ይገኛል። ይህን የሁለቱን ትግል ነው የማጠናው።

ለአባት እንዲህ ያለውን መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በፋሲካ ዕለት ዕድርተኞቹ «ልጅዎ ምን እየተማረች ነው?» ሲሉዎ፣ እኔ ቡናውን እያቀረብኩ ፊትዎ ቆሜ ሳለሁ «ሕክምና» ብለው መለሱላቸው። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። የትምህርት ቤት ክፍያዬ የወጣው ከዚያው ሽምብራ ነው፤ ውለታዎን አልረሳም። ቢሆንም እኔ በማላፍርበት ሥራ እርስዎ እንዲያፍሩ አልፈልግም፤ ሲጠይቁዎ ነቀዝ ታጠናለች ይበሉልኝ።

አባባ፣ አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። በየጆንያው የሚከቱት የነቀዝ ክኒን ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሰውም ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። እርስዎ ደግሞ ሌባ እንዳይገባ ብለው ከጆንያዎቹ አጠገብ ይተኛሉ። ሳልዎን በሰማሁ ቁጥር የሚያስፈራኝ፣ በስልክም ለመናገር አፌን የሚይዘኝ ይህ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሳሎን ይተኙ። ቅዳሜ መጥቼ አልጋውን እናወጣለን፣ ከዚያም ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ስለ ክኒኑ እኔው እነግራቸዋለሁ።

ለጥናቱ ክኒን ያልነካው ሽምብራ ያስፈልገኛል፤ ከአዲሱ ምርት ትንሽ ለይተው ያስቀምጡልኝ።

ልጅዎ