«ጉሉኮስ ይሰካላት»

ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤
ባሕር ዳር

በየማዋለጃ ክፍሉ ደጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ «ደክማለች፣ ጉሉኮስ ይሰካላት» ሲል ይማፀናል። አሳቢነቱ ይገባናል። ግን አንድ ሊትር 5 በመቶ ዴክስትሮስ (ጉሉኮስ የሚባለው ፈሳሽ) የያዘው 50 ግራም ስኳር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ምጥ ለማሳጠር ተብሎ ፈሳሽ በደም ሥር እንዳይሰጥ ይመክራል። ሌላ ችግር የሌለባት ወላድ አጥሚትና ውሃ ብትጠጣ ይሻላታል።

ይበልጥ የሚያሳስበን የፈሳሹ ከረጢት ውስጥ ምጥ ማፋጠኛው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ሲጨመር ነው። በተለመደው አሠራር 2.5 ዩኒት በ500 ሚሊ ሊትር ተበጥብጦ በደቂቃ በ10 ጠብታ ይጀመራል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ከ40 ሰከንድ በላይ የሚቆይ 3 ምጥ እስኪመጣ ድረስ በየ30 ደቂቃው 10 ጠብታ ይጨመራል። ስሌቱ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ለሚሆን ቱቦ ነው። 15 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሆን ቱቦ ከተቆጠረ መድኃኒቱ በሲሶ ይበልጣል፤ የቱቦው ማሸጊያ ሳይነበብ አይሰካ።

አስታማሚ «ቶሎ ትገላገል» ብሎ የቱቦውን መቆጣጠሪያ ከከፈተው ማሕፀን ማረፊያ ያጣል። ፅንሱ ይታፈናል፤ ብዙ የወለደች ወይም ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ደግሞ ማሕፀኗ ሊቀደድ ይችላል። አንድ ምጥ ከ60 ሰከንድ ካለፈ ወይም በ10 ደቂቃ ከ4 ከበለጠ ጠብታው ወዲያው ይዘጋ።

ብዙም የማይነገርለት ሌላ አደጋ አለ። ኦክሲቶሲን በብዛት ሲገባ ኩላሊት ውሃ እንዳያስወጣ ይይዛል። ፈሳሹ ዴክስትሮስ ከሆነ የደሟ ሶዲየም ይወርዳል፤ ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል፣ ትደናገራለች፣ በመጨረሻም ያንቀጠቅጣታል። ይህ ከእርግዝና ደም ግፊት መንቀጥቀጥ ጋር ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ ጨው ያለባቸው ፈሳሾች፣ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ይመረጡ፤ የገባው ፈሳሽና የወጣው ሽንት ይመዝገብ። የእርግዝና ደም ግፊት ያለባት ከሆነች ፈሳሹ በጠቅላላ በሰዓት ከ80 ሚሊ ሊትር ገደማ እንዳይበልጥ፤ ሳንባዋ ውሃ ይቋጥራል።

በጣና ሐይቅ ካሉት ከደቅ ወይም ከዘጌ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የምትላክ ወላድ የምጥ ማፋጠኛው እየተንጠባጠበላት አትሳፈር። ሞገድ ላይ ጠብታ አይቆጠርም፤ ማሕፀን ቢቀደድም ሐይቁ መሃል ኦፕራሲዮን የለም። ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ግን ሌላ ነው፤ እሱ በመንገድም ይቀጥል። ምጥ ማፋጠኛው ተዘግቶላት የምትላከው ወላድ ካኑላዋ (ደም ሥሯ ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ሳይነቀል፣ ስንት ዩኒት እንደተጨመረ፣ በስንት ጠብታ ሲወርድ እንደነበረና በስንት ሰዓት እንደቆመ በሪፈር ወረቀቷ ላይ ይጻፍ።

አዋላጅ ነርሶች፣ ከባሕር ዳር